«ዶክተር በቃ ንቀልልኝ!»

የአንባቢዎች ጥያቄ፣ የጥርስ ሐኪሙ መልስ

ባለፈው እትም ስለ ጥርስ ማስነቀል ጥያቄ ያላችሁ ላኩልን ብለን ነበር፣ እናንተም አላሳፈራችሁንም፣ ቴሌግራሙ በጥርስ ፎቶ ተጥለቀለቀ። በስልክ መብራት ያልተነሳ አፍ የለም፣ አንዳንዱ ፎቶ ላይ እንደውም ከጉሮሮ በስተቀር ምንም አይታይም። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል ብዙ ሰው የጠየቀውን መርጬ ትንሽ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፣ ስም አልጠቅስም። ደግሞ ፎቶ አይቼ «ይሄ ይነቀል ይሄ ይቅር» ማለት አልችልም፣ ለሱ ራጅና ወንበር ያስፈልጋል። እኔ እምችለው ሐኪማችሁ ጋ ስትሄዱ ምን ብላችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ መንገር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ አዲስ አበባ የሚኒባስ ሾፌር ነኝ፣ 34 ዓመቴ ነው። በግራ በኩል የታችኛው መንጋጋዬ ከተቦረቦረ 2 ዓመት አልፎታል። ሲያመኝ ቅርንፉድ እነክስበታለሁ ሲብስብኝ ዳይክሎፌናክ እውጣለሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቆየሁ። ከወር በፊት ግን 3 ሌሊት ሙሉ አላስተኛኝም፣ ግድግዳ መቧጠጥ ነበር የቀረኝ። በ4ኛው ቀን በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ፣ እስካሁን ድምፁ የለም። አንዱ ክሊኒክ ሩት ካናል (የጥርሱን ነርቭ አውጥቶ ውስጡን መድፈን) ይሰራልህ አለኝ፣ ሌላው ይነቀል አለኝ፣ ጓደኞቼ ደግሞ ካላመመህ ምን አነካካህ ይሉኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፦ ጓደኞችህን ብቻ አትስማ። ጥርስህ አልዳነም ወንድሜ፣ ሞቷል። ጥርስ ከውጭ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ መሃሉ ላይ ነርቭና ደም ስር ያለበት ለስላሳ ነገር አለው። ያ ነው 3 ሌሊት ያሰቃየህ፣ ተቆጥቶ ማበጥ ፈልጎ ዙሪያው ግድግዳ ሆነበትና መሄጃ አጣ። ሲሞት ዝም አለ፣ ኢንፌክሽኑ ግን ዝም አላለም፣ በሥሩ ጫፍ ወጥቶ ወደ መንጋጋ አጥንትህ ይገባል። አንድ ቀን ድድህ ላይ ብጉር የመሰለች ነገር ታያለህ፣ ትፈነዳለች፣ አፍህን መጥፎ ጣዕም ይሞላዋል፣ ትጠፋለች፣ ከዛ ተመልሳ ትወጣለች። ወይም ብጉሩም ሳይመጣ አንድ እሁድ ጠዋት ጉንጭህ አብጦ ትነሳለህ።

አሁን ሁለቱ ክሊኒኮች ለምን ተለያዩ? ብዙ ሰው ጥርስ የሚነቀለው በጣም ስላመመ ይመስለዋል። ገና ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ጉንጩን ይዞ «ዶክተር በቃ ንቀልልኝ» የሚለኝ ሰው በየቀኑ አለ፣ አልፈርድበትም፣ ሌሊቱን ያደረው እሱ ነው። ግን ህመሙ ጥርሱ ይትረፍ አይትረፍ አይነግረንም። ሲያስለቅስ ያደረ ጥርስ ብዙ ጊዜ ታክሞ ይተርፋል፣ አንድ ቀን እንኳን አሞ የማያውቅ ጥርስ ደግሞ ራጅ ሲነሳ አልቆለት እናገኘዋለን። እኛ የምናየው የተበላውን ሳይሆን የቀረውን ነው። ከድድ በላይ ዙሪያውን ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጤነኛ ጥርስ አለ ወይ? ምክንያቱም በኋላ ጥርሱ ላይ የሚለበሰው ሽፋን፣ ክራውን የሚባለው፣ ጨብጦ የሚቆመው እሱን ነው። ስንጥቅ ካለ ወደ ሥሩ ወርዷል ወይ? ሥሩ ቁልቁል ከተሰነጠቀ የሚያጣብቀው ነገር የለም፣ እሱ ይነቀላል፣ ክርክርም የለው። ሦስተኛው ጥርሱን ያቀፈው አጥንት ስንት ቀረ የሚለው ነው። አንደኛው ሐኪም እነዚህን አይቶ በቂ ነው ብሎ ይሆናል፣ ሌላው አይበቃም ብሎ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ (እንተዋወቃለን መቼም) ሩት ካናል የሚሰራበት እቃ የለውም። ስለዚህ ሁለቱም ጋ ራጁን አስከፍተህ «የቱ ጋ ነው የማይተርፈው? አሳየኝ» በል። ማሳየት የማይፈልግ ሐኪም ካጋጠመህ ሌላ ጋ ሂድ።

ብሩን ደግሞ ልደብቅህ አልፈልግም። ሩት ካናልና ክራውን አንድ ላይ ከመንቀል ብዙ እጥፍ ይወደዳል፣ ብዙ ምልልስም አለው። የታች መንጋጋ አብዛኛውን ጊዜ 2 ሥር አለው፣ ውስጡ ግን 3 ቀዳዳ ነው፣ ሁሉም ተፈልጎ ተጠርጎ ነው የሚደፈነው፣ ጊዜ የሚወስደው ለዚህ ነው። መንቀል ግን ርካሽ የሚመስለው በዛን ቀን ብቻ ነው። ቦታው ባዶ ሲቀር የኋላው ጥርስ ወደፊት ይጋደማል፣ ከላይ ፊት ለፊቱ የነበረው ደግሞ የሚገጥመው ሲያጣ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፣ አጥንቱም ይሟሽሻል። ከ5 ዓመት በኋላ ብር አግኝተህ ጥርስ ልተካ ስትል ቦታው ጠቦ ይጠብቅሃል። እና እኔ ብሆን? ቅድም ያልኩህ ከድድ በላይ ያለው የጥርሱ ግድግዳ ካለና አቅምህ ከፈቀደ አድነው። ግድግዳው ከሌለ ወይ ደግሞ እስከ መጨረሻው መክፈል እንደማትችል ካወቅክ ከአሁኑ አስነቅለው፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከሁለቱም የከፋው ምን መሰለህ፣ ሩት ካናል ጀምሮ መጥፋት ነው። የመጀመሪያ ቀን ነርቩ ይወጣል፣ ህመሙ ይቆማል፣ በጊዜያዊ ነጭ ሲሚንቶ ይደፈናል፣ ሰውየው «ተሽሎኛል» ብሎ ይጠፋል። ከ6 ወር በኋላ ሲሚንቶው አልቆ፣ ጥርሱ እንጀራ ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ ይመጣል። እንጀራ ላይ! ስንት ነቅያለሁ እንደዛ ያለ።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተሬ፣ ሪያድ ነው ያለሁት፣ ሰው ቤት ነው ምሰራው። የቀኝ ጥርሴ ተበልቶ ጉንጬ ሲያብጥ ይሄ 3ኛው ነው። መዳም አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ ትገዛልኛለች፣ 5 ቀን ስውጠው ይሟሽሻል ከዛ ተመልሶ ያብጣል። ከ4 ወር በኋላ ኮንትራቴ ያልቃል፣ አገርሽ ገብተሽ ትነቀያለሽ አለችኝ። አብሮኝ የሚሰራ ልጅ ደግሞ እብጠት ላይ ጥርስ አይነቀልም ሰው ይሞታል አለኝ። ልጠብቅ?

መልስ፦ እህቴ አትጠብቂ። መድኃኒቱ ለምን እንዳላዳነሽ ልንገርሽ። አንቲባዮቲክ የሚሄደው በደም ነው፣ የሞተ ጥርስ ውስጥ ግን ደም አይገባም። ስለዚህ ዙሪያውን ያለውን እብጠት ያበርደዋል፣ ምንጩ ግን ጥርሱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። በየወሩ መልሰሽ መልሰሽ መዋጥሽ ደግሞ ጀርሙን መድኃኒቱን እንዲለምደው እያደረግሽው ነው። ወይ ተከፍቶ ይጠረጋል ወይ ይነቀላል፣ ሦስተኛ መንገድ የለውም።

እብጠት ላይ አይነቀልም የሚባለው የመጣው ከየት ነው? ከምንም አልተነሳም። መግል ያለበት ቦታ አሲድ ይሆናል፣ ማደንዘዣው ደግሞ አሲድ ውስጥ በደንብ አይሰራም፣ ስለዚህ ድሮ መርፌው ተወግቶም ሰው ሲጮህ ነበር። አንዳንዴም አፍ አልከፈት ስለሚል አንድ ሁለት ቀን ተጠብቆ ይነቀላል። ግን ይሄ የሐኪም ውሳኔ ነው፣ መርፌውን ራቅ አድርጎ ነርቩ ከሚመጣበት መውጋት ይቻላል፣ መግሉን ቀዶ ማፍሰስም ይቻላል፣ ብዙ ጊዜ እንደውም ምንጩ ቶሎ ሲወጣ ነው እብጠቱ የሚሸነፈው። ሰው የሚሞተው ጥርሱ በመነቀሉ ሳይሆን እብጠቱ ሳይታከም ሲቀር ነው።

ይሄን ደግሞ ለመዳም አንብቢላት፦ እብጠቱ ከአገጭ ስር ወደ አንገት ከወረደ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተሽ፣ አፍሽ ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት ካለ፣ ምላስሽ ወደ ላይ የተገፋ ከመሰለሽ፣ ድምፅሽ ከተቀየረ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ ወይ ዓይንሽ ከተዘጋ፣ በዛች ሰዓት፣ ሌሊትም ይሁን አርብም ይሁን፣ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው የምትሄጂው። ይሄ እብጠት አየር መተላለፊያ ይዘጋል። እስከዛው በሙቅ ጨርቅ ከውጭ አትተኩሺው፣ አስፕሪን ክኒን ድድሽ ላይ አታስቀምጪ፣ ድዱን አቃጥሎ ነጭ ያደርገዋል እንጂ ጥርሱን አያድነውም።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው። ወንድ ልጄ 6 ዓመት ከ8 ወሩ ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለው መንጋጋው ጠቁሮ ተቦርቡሯል። ጎረቤቶቼ የወተት ጥርስ ነው ለራሱ ይወድቃል ይሉኛል፣ አንድ ቦታ ደግሞ ከሚያስቸግርሽ ይነቀል አሉኝ። በዛውም ልጠይቅዎት፣ የ7 ወር ህፃን ልጄ ተቅማጥ ይዟት አማቴ ግግ ነው እናስወጣላት ብለው ይዘውኛል።

መልስ፦ እናቴ መጀመሪያ ከህፃኗ እንጀምር፣ እሱ አይቆይም። ግግ የሚባል በሽታ የለም። ድዷ ላይ ነጣ ያለችው እብጠት ገና ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ነች፣ ጊዜዋን ጠብቃ 1 ዓመት ከምናምን ሲሆናት ትወጣለች። በዚህ ዕድሜ ተቅማጥ የሚመጣው ምግብ ስለጀመረች፣ መሬት የወደቀ ሁሉ አፏ ስለምትከት ነው፣ ጥርሱም በዚሁ ሰዓት ማበጥ ስለሚጀምር ወንጀለኛ ሆኖ ተያዘ። ያንን በሹል ሽቦ ወይ በምላጭ ቆፍረው ሲያወጡት «ትል ነው» ብለው የሚያሳዩሽ ነጭ ነገር ያልጠነከረ ጥርስ ነው። ደም መፍሰሱ፣ ቴታነሱ፣ ኢንፌክሽኑ አለ፣ ከታች የተኛው ቋሚ ጥርስም አብሮ ይጎዳል፣ አድገው ክራንቻ የሌላቸው ልጆች እኔ ጋ ይመጣሉ። ተቅማጡ የሚፈልገው ኦአርኤስና ጤና ጣቢያ ነው፣ ጡትም አታቋርጪባት። አማትሽን አትጣያቸው፣ እሳቸውም በጊዜያቸው የልጆቻቸውን ግግ አስወጥተው ይሆናል፣ «ሐኪም ጋ ወስጄ ልመለስ» ብለሽ ይዘሻት ውጪ።

ወደ ትልቁ እንመለስ። ልጁን መስኮት ጋ አስቀምጠሽ አፉን አስከፍቺና ከፊት ከመሃል መስመር ጀምረሽ ወደ ጎን ቁጠሪ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። እስከ አምስት ያሉት የወተት ናቸው ወይ የወተት ቦታ ላይ የሚተኩ ናቸው። ስድስተኛ ካለ እሱ ቋሚ ነው! ወላጅ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። ይሄ ጥርስ 6 ዓመት ገደማ ላይ ከሁሉም ኋላ ይበቅላል፣ ለሱ ብሎ የሚወድቅ ጥርስ ስለሌለ ማንም አያይም፣ ፊት ያለው ጥርስ ሲነቃነቅ ግን ቤቱ በሙሉ ያወራል፣ ጣራ ላይ ይወረወራል፣ ኋላ የወጣው ጥርስ ግን ሳይታይ ተበልቶ ያልቃል። እሱ ከተነቀለ የሚተካው የለም። ስለዚህ ስድስተኛ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትዪ አስሞዪው።

አምስተኛ ከሆነም ዝም ብሎ አይነቀልም። የወተት መንጋጋዎች እስከ 10፣ 12 ዓመት ድረስ ለሚመጡት ቦታ ይዘው ነው የሚቆዩት፣ በ6 ዓመቱ ከነቀልነው ጎረቤቱ ገብቶ ይተኛበታል፣ በኋላ ጥርሱ ተዛንፎ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ፍለጋ ነው። መሞላት ከቻለ ይሞላ። መግል ከያዘና ካልተቻለ ግን ይነቀላል፣ ቦታ የምትይዝ ሽቦ ማድረግ እንደሚቻል ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ከባህር ዳር ነው የምጽፈው፣ 58 ዓመቴ ነው። በልጅነቴ የልብ በሽታ ነበረብኝ፣ የዛሬ 9 ዓመት ቫልቭ ተቀይሮልኛል፣ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን እወስዳለሁ። የፊት የታች ጥርሶቼ ድዳቸው ሸሽቶ ይነቃነቃሉ፣ ሲነኩ ይደማሉ። ልጄ በክር አስሬ ልሳበው ትላለች። መድኃኒቱንስ ለስንት ቀን ላቁም?

መልስ፦ እግዜር ይስጥልኝ ስለጠየቁ፣ ይሄ ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀርቶ ስንት ነገር ይመጣል። ክሩን ይጣሉት። ዋርፋሪኑንም በራስዎ አንድ ቀን እንኳን አያቁሙ፣ የተነቀለ ጥርስ ደም ተነክሶ ተሰፍቶ ይቆማል፣ ቫልቭዎ ላይ የሚረጋው ደም ግን ወደ ጭንቅላት ከሄደ መመለሻ የለውም። የሚደረገው ምንድነው፣ ሊነቀሉ አንድ ሁለት ቀን ሲቀር ደምዎ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየውን አይ ኤን አር የሚባል የደም ምርመራ ያሰራሉ፣ ብዙ ጊዜ 3.5 እና ከዛ በታች ከሆነ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይነቀላል። በአንድ ቀን ብዙ ጥርስ አይነቀልም፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጎዝ ይነከሳል። ጠዋት ቢሄዱ ይሻላል፣ ቢደማ እንኳን ክሊኒኩ ክፍት ሆኖ ያገኙታል።

ሌላው፣ ቫልቭ የተቀየረለት ሰው ሲነቀል ከአፍ የሚገባው ጀርም ቫልቩ ላይ እንዳይቀመጥ ከመነቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል፣ የተለመደው 2 ግራም አሞክሳሲሊን ነው። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉ ከሆነ ወይ ፔኒሲሊን የማይስማማዎት ከሆነ ግን ሌላ ዓይነት ነው የሚመረጠው፣ ስለዚህ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት ይንገሩን፣ የልብ ካርድዎንም ይዘው ይምጡ። ለህመም ፓራሲታሞል ብቻ፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይነኩም። ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን አንቲባዮቲክ ጻፍኩልዎ የሚል ካለም ዋርፋሪን ላይ ነኝ ብለው ያስቁሙት፣ ደሙን በጣም ያቀጥነዋል።

የሚነቃነቅ ጥርስ ሁሉ ግን አይነቀልም። የእርስዎ የድድ በሽታ ይመስላል፣ ሥሩ ላይ የተጋገረው ድንጋይ አጥንቱን እያሸሸው ነው። ቀለል ያለ መነቃነቅ ከሆነ ጥርሱ ሐኪም ጋ በደንብ ታጥቦ ድዱ ሲያገግም ይረጋል። ጥርስ መታጠብ ያነቃንቃል የሚባለውን አይስሙ፣ የሚነቃነቀው ድሮም ነበር፣ ድንጋዩ አያይዞ ደብቆት ነው እንጂ። ወደ ላይ ወደ ታች የሚጫወት ጥርስ ከሆነ ግን ያ አልቆለታል። ከመታጠብዎም በፊት ያ ቅድም ያልኩት አንቲባዮቲክ ያስፈልግዎታል፣ አይርሱ።

ጥያቄ፦ የላይ ክራንቻ ከተነቀለ ዓይን ይጠፋል ይባላል፣ እውነት ነው? አያቴ በዚህ ምክንያት መግል እያለባት እምቢ ብላለች።

መልስ፦ ውሸት ነው። ዓይን የሚያይበት ነርቭ ሌላ፣ የጥርስ ነርቭ ሌላ። ለፊት ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ሦስት ቅርንጫፍ አለው፣ አንዱ ወደ ዓይን አካባቢ፣ አንዱ ወደ ላይኛው መንጋጋ፣ አንዱ ወደ ታችኛው ይሄዳል፣ ለዛ ነው የላይ ጥርስ ሲታመም ዓይናችን ስር የሚመታን። ግን ያ የማየት ነርቭ አይደለም። ለአያትህ እንዲህ በላት፣ ዓይኗን የሚያሰጋት ጥርሱ መነቀሉ ሳይሆን መግሉ ወደ ዓይኗ መውጣቱ ነው። አረጋውያን ከተነቀሉ በኋላ ዓይናቸው የደከመው ብዙ ጊዜ በዓይን ሞራ ነው፣ ዕድሜው ከጥርሱ ጋር ስለገጠመ ነው የተወራው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ 22 ዓመቴ። የታች መጨረሻው ጥርስ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ድድ ውስጥ ነው፣ ፈተና በደረሰ ቁጥር ያብጣል። ክሊኒክ 4ቱም የጥበብ ጥርስ ይነቀል አሉኝ ሌሎቹ ግን አያሙኝም።

መልስ፦ የሚያብጠው ይነቀል፣ የቀሩትን ለምን? ግማሹ ድድ የለበሰ ጥርስ ስር ምግብ ይገባና ብሩሽ አይደርስበትም፣ እንቅልፍ ስታጪና ሰውነትሽ ሲደክም ይነሳል፣ ፈተና የሚመርጠው ለዛ ነው። አንዴ አብጦ በጨው ውሃ ከተወሽ ይታለፋል፣ ተደጋግሞ ከመጣ ግን አያባራም። የማያም፣ ቀጥ ብሎ የወጣ፣ የሚጸዳ የጥበብ ጥርስ ግን ይቀመጥ። እንግሊዞች እንኳን ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጤነኛውን ለጥንቃቄ ብላችሁ አትንቀሉ የሚል መመሪያ አላቸው። የፊት ጥርሴን ያጣብብብኛል የሚለውም አያስነቅልም። ከመነቀልሽ በፊት ግን ትልቁን፣ መንጋጋውን በሙሉ የሚያሳየውን ራጅ ተነሺ፣ የታች ጥርስ ሥር ከከንፈር ነርቭ ጋር ተጠጋግቶ ሊሆን ይችላል፣ ያ ከተነካ ከንፈርሽ ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል። እና እባክሽ ፈተናው ካለፈ በኋላ አድርጊው፣ ለ3 ቀን ጉንጭሽ ማበጡ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ዝዋይ ነው ተወልጄ ያደግኩት፣ ጥርሴ ቡናማ ነው። ሰርጌ ከ5 ወር በኋላ ነው፣ የፊቶቹን 6 አስነቅዬ ነጭ ማስተከል ፈልጌ ነበር።

መልስ፦ ኧረ በሠርግሽ! አንዱንም አትንኪ። ዝዋይ፣ ወንጂ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚያገኘው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በላይ ነው፣ ጥርሱ ገና አጥንት ውስጥ እየተሰራ ባለበት እስከ 8 ዓመት ገደማ ያን ውሃ የጠጣ ልጅ ጥርሱ እንዲህ ይሆናል። ቀለም እንጂ መበስበስ አይደለም፣ ሥሩ ጤነኛ ነው። ጤነኛ ጥርስ በቀለሙ አይነቀልም። ቀለል ካለ በስሱ ተፍቆ ይነጻል፣ ጠለቅ ካለ ፊቱ ላይ ኮምፖዚት የሚባል ነጭ የጥርስ መሙያ ይለበስበታል፣ 5 ወር ደግሞ ብዙ ጊዜ ነው። ነቅለሽ ብታስተክዪ ግን ጎኑ ያሉትን ጥርሶች ሞርደው ነው ብሪጅ (በጎን ጥርሶች ላይ የሚታሰር ሰው ሰራሽ ጥርስ) የሚያስሩልሽ፣ በዚህ ዕድሜሽ 6 አስነቅለሽ 10 አጣሽ ማለት ነው። ልጅ ስትወልጂ ውሃው ላይ አስቢበት እንጂ ጥርሱን ተይው።

ጥያቄ፦ ሁዳዴ እየጾምኩ ነው፣ እስከ 9 ሰዓት አልበላም። ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ አለኝ ችግር አለው? መርፌም በጣም እፈራለሁ።

መልስ፦ አለው። ባዶ ሆድ፣ ፍርሃት፣ መርፌ፣ ሦስቱ ሲገናኙ ሰው ይወድቃል። ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ላይ ትከሻው ሁለት ሰው የሚያክል ጎረምሳ መርፌውን ገና ሳነሳው ፊቱ እንደ ኖራ ነጣና ከወንበሩ ሲንሸራተት ያዝነው፣ እግሩን ከፍ አድርገን ስኳር ውሃ ስናጠጣው ነው ነፍሱ የተመለሰችው፣ ጾሙን እኔ አስፈታሁት። ወይ ንስሐ አባትህን አስፈቅደህ ቀምሰህ ና፣ ወይ ቀጠሮውን ከ9 ሰዓት በኋላ አድርገው። ሙስሊም ወንድሞችም ረመዳን ላይ እንደዛው ከአፍጥር በኋላ ይመቻቸዋል።

ፍርሃቱን በተመለከተ፣ መርፌው ነው የሚያመው፣ እሱም ቀስ ተብሎ ከተወጋ ትንኝ ነው። ከዛ ከንፈርህ የወፈረ ይመስልሃል። ጥርሱ በጉጠት ተይዞ ወደ ላይ የሚሳብ ይመስላችኋል አይደል? አይደለም፣ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ከዛ ወዲህ ወዲያ እየተባለ አጥንቱ ቀስ እያለ ይሰፋል፣ እንጨት ውስጥ የገባ ምስማር እንደምታወጣው። ግፊቱ ይሰማሃል፣ «ቋ» የሚል ድምፅም ጆሮህ ውስጥ ይሰማል፣ እሱ አያስደንግጥህ። መጫኑን እንጂ ህመም መስማት የለብህም፣ ካመመህ እጅህን አንሳ፣ ይጨመርልሃል።

ጥያቄ፦ ከተነቀልኩ 3ኛ ቀኔ ነው፣ መጀመሪያ ተሽሎኝ ነበር አሁን ከመነቀሉ በፊት ካመመኝ በላይ እያመመኝ ነው፣ እስከ ጆሮዬ ይወጣል፣ አፌም ይሸተኛል። አጥንት ትተውብኝ ይሆን? ሲጋራ አጨሳለሁ፣ እንደማይጨስ አልነገሩኝም።

መልስ፦ የምትለው ልክ ድራይ ሶኬት የሚባለውን ይመስላል። ጥርስ ሲወጣ ጉድጓዱን የረጋ ደም ይሞላዋል፣ እሱ ነው ቁስሉን የሚሸፍነው። ያ ደም ከተነቀለ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል፣ አየር ሲነካው ያብዳል። ከ2 እስከ 4 ባለው ቀን ይመጣል፣ በተለይ የታች መንጋጋ ላይ፣ በተለይ አጫሽ ላይ፣ ሲጋራውን ስትስብ ደሙንም አብረህ ትስበዋለህ። አንቲባዮቲክ ገዝተህ አትዋጥ፣ ሄደህ ይታጠብልህና መድኃኒት ያለው ጎዝ ይደረግልህ፣ ብዙ ሰው በሰዓታት ውስጥ ነው እፎይ የሚለው። ለአንተ ያልተነገረህን ለሌሎቹ ልናገር፦ ጎዙን ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጠበቅ አድርጋችሁ ንከሱ፣ በየደቂቃው እያወጣችሁ ደሙን አትዩ፣ የመጀመሪያውን 24 ሰዓት አትጉመጥመጡ፣ አትትፉ፣ በስትሮ አትጠጡ፣ አታጭሱ፣ ትኩስ ቡናም በዛን ቀን ይቅር፣ አውቃለሁ ይከብዳል። በአረቄ መጉመጥመጥ የሚመክራችሁን አጎት አመስግናችሁ እለፉት። በማግስቱ ለብ ያለ ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጋችሁ በቀን 4 ጊዜ ቀስ ብላችሁ አላውሱት፣ አትንፉበት።

ጥያቄ፦ የተነቀለውን ጥርሴን ይዤ መሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ የራስህ እኮ ነው፣ ትችላለህ። ከመጀመሪያው ንገራቸው፣ አጥበው በጎዝ ጠቅልለው ይሰጡሃል። አንዲት እናት 4 የጥበብ ጥርሶቿን በሽቶ ጠርሙስ ይዛ ሄዳለች፣ ምን እንዳደረገቻቸው አልጠየቅኳትም።